ከአጥር ገፊ ጎረቤቴ ጋር ላኦስ ጎልፍ ሜዳ ደርሼ መጣሁ

ጎረቤቴ ከድር አጥሩን ሰባት እርምጃ ገፍቶ ጀፎረአችን ውስጥ አስገባ። ጀፎረ በመንደሩ ቤቶች ፊት ለፊት የሚያልፍ ሰፊ የሣር ሜዳ ነው። የማንም አይደለም፣ የሁሉም ነው። አይቆፈርም፣ አይታጠርም። ለቅሶም ሠርግም እዚያ ነው፣ ሽማግሌም የሚቀመጠው እዚያው ነው። ብጠይቀው ማኅተም ያለበት ወረቀት አውጥቶ ቀበሌ ፈቅዶልኛል ብሎ አነበበልኝ። ያኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ አምኜ ዝም አልኩ። በአርባ አንድ ዓመቴ የማታ ትምህርት ገብቼ ማንበብ ስጀምር ወረቀቱን ሱቁ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አገኘሁት። ሃያ የባሕር ዛፍ ችግኝ የተረከበበት ነው። ይህን ከቡታጅራ እስከ ወልቂጤ የማያውቅ የለም።

ከዚህ ሰው ጋር ነው ጎልፍ ልጫወት የሄድኩት።

ከቡታጅራ

ሁለታችንም የሶላር መብራት እንሸጣለን። ዕቃውን የሚያቀርብልን አስመጪ ብዙ የሸጡትን ከቡታጅራም ከወልቂጤም ሰብስቦ ላኦስ ወደሚባል አገር ለአንድ ሳምንት እወስዳለሁ አለ። አገሩ የታይላንድ ጎረቤት ነው፤ እንደኛው ባሕር የለውም። ጎልፍ ለምን ሆነ? አስመጪው ጎልፍ ይወዳል። ሽልማቱን የገዛው ለራሱ ነው፣ እኛ ምራቂ ነን።

እኔ የሄድኩት ለጎልፍ አይደለም። ከድር ሽማግሌ በጠራው ቁጥር ወረዳ ስብሰባ አለብኝ ይላል። አውሮፕላን ላይ ስብሰባ የለም። እመጣለሁ የሚል ቃል ከአፉ ሳላወጣ አልመለስም ብዬ ነው።

ሚኒባሱ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጡን። አውሮፕላኑም ላይ እንደዚያው። ባንኮክ ልንደርስ ስንል ሽማግሌ ፊት መቼ ትቀርባለህ አልኩት። በመስኮት እያየ ደመናው ደስ ይላል አለኝ።

ቪየንቲያን

ከባንኮክ ሌላ አነስ ያለ አውሮፕላን ይዞን ዋና ከተማቸው ቪየንቲያን አደረሰን። ሙቀቱ ልብስ ያስወልቃል። ሩዛቸው እንደ ቆጮ እርስ በርሱ ይያያዛል፤ ከትንሽ ሙዳይ እየቆረሱ በእጅ ይበሉታል። ይህን ወደድኩላቸው። ወንዙ ዳር የተጠበሰ ዓሣ በላን። አንድ ኮኮናት ሃያ ሺህ ሲሉኝ መልሼ አስቀመጥኩት፤ ለካ በእነሱ ገንዘብ ነው። ከድር ሦስት ጠጣ።

ሜዳው ላይ

በማግስቱ ጠዋት ሜዳው ስንደርስ ደነገጥኩ። ጀፎረ ነው። ሰፊ፣ አረንጓዴ፣ ግራና ቀኙ ዛፍ። አስተርጓሚያችን ቴዎድሮስ የአስመጪው ሠራተኛ ነው፣ የአዲስ አበባ ልጅ። የየትኛው መንደር እንደሆነ ጠየቅኩት። መንደር የለውም አለኝ። ከብቱስ? በማሽን ይታጨዳል። ለቅሶ የት ይቀመጣሉ ስለው ጥሎኝ ሄደ።

ዱላ የምትሸከምልን ኖይ የምትባል ሴት ናት፤ ከፀሐይ ሽሽት ከዓይኗ በቀር ፊቷን ሸፍናለች። ሰዎቻችን ዱላውን ሲሰነዝሩ ኳሱ እዚያው ቀርቶ ሣሩ ከነአፈሩ ይበራል። እኔ አልመታም አልኩ። ጀፎረ አይቆፈርም፣ የሰው አገር ቢሆንም። ኳሱን በዱላው ጫፍ ገፋ አደረግኩት፤ ሦስት እርምጃ ሄደ። ከዚያ ተንበርክኬ ሰዎቻችን የገነጠሉትን ሣር ወደ ቦታው እመልስ ጀመር። ኖይ ሳቀች። ይህ ሰው ሊጫወት ነው ወይስ ሊጠግን የመጣው ብላ መጠየቋን ቴዎድሮስ ነገረኝ።

የከድር ተራ ደረሰ። ከነጩ ችካል ወዲያ የወጣ ኳስ እንደጠፋ ይቆጠራል ተብለናል። የእሱ ወጣ። ተከትለን ስንደርስ ከድር ችካሉን ነቅሎ፣ ኳሱን አልፎ፣ ወዲያ ማዶ እየተከለው ነው። እፍረት የሚባል የለም፤ ቤቱ እንዳለ ሰው ነው የሚተክለው።

ኖይ ችካሉን ከእጁ ወስዳ ወደ ጉድጓዱ መለሰችው፣ በእግሯም ጠቀጠቀችው። ዝግ ብላ የሆነ ነገር አለች።

«ኳስህን አንሳ፣ ከፈለግክ ጨዋታውን ተው፤ ድንበር ግን የሜዳው ጌታም ቢሆን አይነቅልም ትላለች» አለ ቴዎድሮስ።

ከዚያ አንዱ የወልቂጤ ነጋዴ፣ «ከድር፣ ለዚህኛውም የችግኝ ወረቀት አለህ?» አለው። ከሳቅ ብዛት ሣሩ ላይ የተቀመጠም አለ።

ስንመለስ በሜዳው ትንሽ መኪና ላይ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ከድር መዳፉን ያያል።

«ወላሂ ሳላስበው ነው የነቀልኩት» አለኝ። «እጄ ነው።»

«እንግዲያው እጅህ ሽማግሌ ፊት ይቅረብ።»

«እመጣለሁ» አለ።

ቤት

ወሬው በስልክ ቀድሞን ገብቷል። መናኸሪያ ስንወርድ ባለባጃጆቹ ከድርን ችካል ይዘህ መጣህ ወይ ይሉታል። አንገቱን ደፍቶ አለፈ። ቃሉን ግን ጠበቀ፤ ሽማግሌዎቹ ጀፎረው ላይ ሲቀመጡ ቀድሞ ተገኘ። ገመድ መጣ፣ ተለካ። ሰባት እርምጃ፣ እንዳልኩት። ደረቴን ነፋሁ።

የሽማግሌዎቹ ታላቅ ሐጂ ሙዘይን ገመዱ ከወጣ አይቀር ይሄኛውም ወገን ይለካ አሉ። ይሄኛው ወገን እኔ ነኝ። ሁለት እርምጃ። እንሰቴ ከነአጥሩ ጀፎረው ውስጥ ቆሟል። አባቴ ነው ያጠረው፣ እኔ አላውቅም አልኩ።

«አባትህን አልከሰስንም፣ ነስሩ» አሉኝ። «አጥሩን ነው።»

ከድር ፊቱን አዙሮ ሲስቅ አየሁት።

ይህን ያህል አገር አቋርጬ የተማርኩት ይህን ነው፦ የጎረቤትህን አጥር አስለካለሁ ካልክ አስቀድመህ ያንተን በእርምጃ ለካ። እኔ አልለካሁም። የከድር አጥር ረቡዕ ሰኔ 11 ቀን ተነሳ። የእኔ በማግስቱ፣ ሐሙስ ሰኔ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.።