ወንድሜ አልታዬና ድራሙ

ሰሞኑን እዚህ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር፣ ጎረቤታችን ልጃቸውን ሲድሩ፣ ድንኳኑ ውስጥ አንድ ወጣት ኪቦርዱን ነካ ቢያደርገው ድራሙም ቤዙም ከዚያች ሣጥን ተግተልትሎ ወጣና፣ የያዝኩትን ጉርሻ መልሼ ሰሃኑ ላይ አስቀመጥኩት፤ ታናሽ ወንድሜ አልታዬ ትዝ አለኝ።

ያደግነው ጋሞ ደጋ፣ ኦቾሎ፣ ጉሙ ቤት ድረስ በሚገባበት፣ አባታችን ሸማ ከሚሠሩበት ጉድጓድ አጠገብ ነው። አልታዬ እግሩ መርገጫው ላይ በቅጡ ሳይደርስ እየገባ፣ እጁን ለብቻ እግሩን ለብቻ ሲያስጨፍር ድሩን ይበጥሰዋል፤ አባባም «ይሄስ ጋቢ አይወጣውም!» እያሉ ያባርሩታል። እውነትም አልወጣው። ወታደር ሆነ፣ በጦሩ ባንድ ጃዝ ድራም ተማረ፣ ጦሩ ሲበተን አሮጌ ድራም በአይሱዙ ጭኖ አርባ ምንጭ ገባ።

ሚሊኒየሙ ከመግባቱ በፊት፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ አባያ ሐይቅ ከታች ቀላ ብሎ ተኝቶ፣ የተጠበሰ ዓሣ እየሸተተ፣ አንድ ሳክስፎን፣ አንድ ቤዝና እሱ በተቀጠሩበት ሆቴል በረንዳ ላይ ሲጫወቱ ሰው መብላቱን ይረሳ ነበር። እኔ ጃዝ ምኑም አይገባኝ፤ ዘፋኝ የሌለው ምን ዘፈን ነው ስለው «ጋሼ፣ ዘፋኙ እኔ ነኝ» ይለኛል።

ኋላ የሆቴሉ ባለቤት ኪቦርድ ገዙ። ሳክስፎንና ቤዝ የሚጫወቱት ሁለቱ ተሰናበቱ፤ አልታዬን ግን እንግዳ ከድራሙ ጋር ፎቶ መነሣት ስለሚወድ አስቀሩት።

«አልታዬ፣ የኔ ወንድም፣ ድምፁን ማሽኑ ያወጣልናል፤ አንተ መምቻውን፣ ስቲኩን፣ አየር ላይ ብቻ አወዛውዝ!» አሉት።

ልጆች ነበሩበት፤ እሺ አለ። እጁን እንደምንም አሳመነው። እግሩ ግን ያ የሸማኔ ልጅ እግር ነው፣ ሳያስበው የድራሙን መርገጫ ረግጦ ትልቁን ድራም ድው አደረገው፤ ከማሽኑ ጋር ተላለፈ፣ እንግዳው ሳቀ። በማግሥቱ መርገጫውን ፈትተው ወሰዱበት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሄጄ አየሁት። ዝንብ እንደሚያባርር ሰው ስቲኩን ሲያወዛውዝ ቆየና፣ ዘፈኑ ሳያልቅ ተነሣ።

«ጋሼ፣ እንሂድ። ጫኖ ወርጄ የሙዝ እርሻ ብጠብቅ ይሻለኛል።»

ድራሙን እዚያው ትቶት ወጣ። ጫኖ ዝንጀሮ ሲያባርር ከረመ፤ ሬዲዮ ሲከፈት እንኳ ተነሥቶ ይሄድ ነበር። በክረምቱ ወባ ያዘው፤ ሳይነሣ ቀረ።

አንድ ካሴት እንኳ የለውም፣ የቀዳው ሰው አልነበረም። ያ ሁሉ ጨዋታ የቀረው በረንዳው ላይ በተቀመጥነው ሰዎች ጆሮ ብቻ ነው፤ ከእኛም ብዙዎቹ አልፈዋል። የእኔም ግራ ጆሮ ከደነቆረ ሰነበተ።