የመልእክተኛው ሞተር ሳይክል

ጠብታ የሚለውን ስም ያወጡለት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው። ዕድሜውን ሙሉ የሠራው ውሃ ፓምፕ ጣቢያ ውስጥ ነው። የሆነ ቦታ ቧንቧ ጠብ ጠብ ሲል ከሰማ እህል ከአፉ አይገባም፤ ሰው ቤት በእንግድነት ተጋብዞ እንኳ ከምግቡ ተነስቶ የጓዳ ቧንቧ ሲያጠብቅ ተይዟል። ጣቢያው ሰው በማይፈልግ አዲስ ማሽን ሲተካ ግን ሠራተኞቹ ተሰናበቱ፤ እሱም ዕቃውን በካርቶን ሸክፎ ወጣ። ሚስቱ ከዚያ በፊት ትታው ሄዳለች። የቀረው የአባቱ ቤት ነበር። ፀጉሩ ሸብቶ፣ ልጅ ሳለ ይተኛባት ወደነበረችው የኋላ ክፍል ተመለሰ።

ቤቱ የከሰል ማዕድን ኩባንያው ድሮ ለሠራተኞቹ በመደዳ ከሠራቸው ቤቶች አንዱ ነው። ሁሉም አንድ በርና አንድ መስኮት አላቸው፤ ሁሉም በራቸው በቀጥታ ወደ መንገዱ ይከፈታል። ማዕድኑ ከተዘጋ ቆይቷል። ወንዶቹ አልቀው በየበሩ የቀሩት በአብዛኛው አሮጊቶች ናቸው።

አባቱ የኩባንያው ተላላኪ ነበሩ። ከቢሮ ወደ ጉድጓዱ፣ ከጉድጓዱ ወደ ሰፈር በሞተር ሳይክል ሲመላለሱ ነው የጉልምስና ዕድሜያቸው ያለፈው፤ ጠብታ የሚያውቀው ይህን ብቻ ነው። አሁን የማስታወስ ችሎታቸው ከድቷቸዋል። ጠዋት የበሉትን ከሰዓት አያውቁትም። ልጃቸውን አንዳንዴ ቧንቧ ሊጠግን የመጣ ሰው ያደርጉትና እጁን ታጥቦ እንዲገባ ይነግሩታል። የምታስታምማቸው ታላቅ እህቱ ናት። የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ነበረች፤ ሳሙና የበላው እጇ እስከ ዛሬ ቆዳው አልተመለሰም፤ ንግግር አታበዛም።

ሞተር ሳይክሉ ጓሮ ባለው የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ሸራ ለብሶ ተቀምጧል። ጠብታ ልጅ ሳለ አንድ ቀን ሸራውን ገልጦ፣ ላዩ ላይ ወጥቶ በአፉ ሞተር እያስጮኸ ሲጫወት አባቱ ደረሱበት። አልተቆጡም። ብብቱን ይዘው አወረዱትና መጋዘኑን በቁልፍ ዘጉት። ቁልፉም ከዚያ ወዲህ ከኪሳቸው አልወጣም። ልጁ በልቡ፣ አባባ ይህን ሞተር ከእኛ አብልጦ ይወደዋል ብሎ ደመደመ። ሲያድግም ሐሳቡን የሚያስለውጠው ነገር አላገኘም።

እና አሁን፣ ሥራ ፈትቶ ከግድግዳ ጋር ሲፋጠጥ በሚውልበት ጊዜ፣ ሞተሩ ትዝ አለው። አስነስቼ ድምፁን ባሰማቸው የጠፋው ነገር ተመልሶ ይመጣ ይሆናል አለ። ለእህቱ ሲያጫውታት የምታጥፈውን አንሶላ ከእጇ ሳትለቅ፣ ዝገት ነው፣ ተወው አለችው። ለምን ብሎ አልጠየቃትም። በዚያ ቤት የማይነሳ ነገር ነበር። ታላቅ ወንድማቸው ማዕድን ውስጥ እንደሞተ ጠብታ ያውቃል፤ ያኔ እሱ ገና ድክ ድክ የሚል ሕፃን ነበር። ፎቶውን አይቷል። ከዚያ ያለፈውን የነገረው የለም።

አባቱ ሲተኙ ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥቶ መጋዘኑን ከፈተ። ሥራው እንዳሰበው አልነበረም። ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቆ አንድ ብረት ሆኗል። ናፍጣ አጠጥቶ ያሳድረዋል፣ ጠዋት በእንጨት መዶሻ ቀስ እያለ ይመታዋል፤ ለሳምንታት አልነቃነቅ ብሎት በመጨረሻ ተላቀቀ። ካርቡራተሩ ውስጥ ተርብ በጭቃ ቤቷን ሠርታበታለች። የነዳጅ ታንኩ ሆዱ እንደ ወንፊት ተበሳስቷል። መለዋወጫ ፍለጋ ወደ አንድ አሮጌ ዕቃ ሻጭ ይመላለስ ነበር። ሰውየውን ምንም ነገር ቢጠይቁት «ሞልቷል» ይላል፤ የጠየቁት ግን አይገኝም፤ ስሙም «ሞልቷል» ሆኖ ቀርቷል። ያም ሆኖ ካንዴላና ካቴና ያገኘው ከሞልቷል ክምር ውስጥ ነው። የቀረውን በፓምፕ ጣቢያ በለመደው ብልሃት ራሱ ሞረደ፣ በየደ፣ አጣበቀ።

ክረምቱ እንዲህ አለቀ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ውሎ ያመሻል፤ እሱ ከሥሩ ተንበርክኮ ብረት በብርጭቆ ወረቀት ይፈትጋል። ደስ አለው ማለት አይቻልም። ግን እጁ ሥራ ሲይዝ ስለ ሚስቱና ስለ ፓምፕ ጣቢያው ማሰብ ይተዋል፤ ለእሱ ይህም ብዙ ነበር።

ሞተሩ የተነሳው ዝናቡ ባባራበት አንድ ረፋድ ላይ ነው። አባቱ ወንበራቸው ላይ እንቅልፍ ወስዷቸዋል፤ እህቱ ገበያ ሄዳለች። ፔዳሉን ደጋግሞ ረገጠው፤ አስነጠሰ፣ ጠፋ፤ እንደገና ረገጠው። ጥቁር ጭስ ተፋና ድንገት ያዘ። ድምፁ ከባድና የተቆራረጠ ነው፤ ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ ይላል። ጠብታ ወጣበትና በጓሮው በር ወደ መንገዱ ዘለቀ።

መጀመሪያ ሚዛኑን እንዳይስት ከፊት ጎማው ላይ ዓይኑን አልነቀለም። ሁለተኛ ማርሽ ሲያስገባ ግን ደረቱ ላይ ለረጅም ጊዜ ተጭኖት የነበረ ነገር ላላ አለለት፤ ቀና ብሎ አየ። አሮጊቶቹ በየበራቸው ወጥተዋል። እጁን አነሳላቸው። አንዳቸውም እጅ አላነሱም። አንደኛዋ የበሩን መቃን በሁለት እጇ ይዛለች። ባለሱቋ፣ መቼም ወሬ የማያልቅባት ሴትዮ፣ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ቁጭ አለች። ገርሟቸው ነው ብሎ አለፈ። መንገዱ መጨረሻ ላይ ዞሮ ተመለሰና ከቤታቸው ፊት ለፊት አቆመ።

አባቱ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈዋል፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘዋል። እንዲህ ቀጥ ብለው ከቆሙ ብዙ ጊዜ ሆኗቸዋል።

«ትልቁ ነው?» አሉት።

ጠብታ ሞተሩን አጠፋ። «ምኑ ነው ትልቁ፣ አባባ?»

«ንገረኝ። አታሽሞንሙነው።»

ትልቁ ይሉት የነበረው የሞተውን ልጃቸውን ነው። ጠብታ ይህ ገባው። ሰውን የሚያረጋጋ መስሎት ያገኘውን ተናገረ። «ማንም ምንም አልሆነም። ሁሉም በሰላም ወጥተዋል» አላቸው።

አባቱ ወደ ቆመው ሞተር ተመለከቱ። «ታዲያ ለምን ቆምክ?» አሉ።

እህቱ ከገበያ ስትመለስ ያገኘቻቸው እንደዚሁ እንደተፋጠጡ ነው። አባቷን አስገብታ፣ ኮታቸውን አውልቃ አስተኛቻቸው። ከዚያ ጓሮ መጥታ፣ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጣ፣ ያኔ የሆነውን ሁሉ ነገረችው።

ማዕድኑ ውስጥ አደጋ ሲደርስ መርዶውን ለቤተሰብ የሚያደርሱት አባታቸው ነበሩ። የሰፈሩ ሴት ሁሉ የሞተሩን ድምፅ ያውቀዋል። ሲሰሙት በር ላይ ይወጣሉ፤ ሳያቆም ካለፈ ይገባሉ፤ ካቆመ ግን የቆመበት ቤት አለቀለት። በኋላ ጉድጓዱ ተደርምሶ ትልቁ ከሥር ቀረ። አስከሬኑም አልወጣም። ለቤተሰቡ እንዲናገሩ የተላኩት ራሳቸው አባታቸው ናቸው፤ አለቃው ሌላ ሰው ልላክ ቢላቸው እንቢ አሉ። በመንገዱ መጡ፤ እናታቸው በር ላይ ቆማለች፤ አለፉ። ዞረው መጡ፤ አሁንም አለፉ። እናታቸው ባለፉ ቁጥር ፈጣሪዋን ታመሰግናለች። ነዳጁ አልቆ ሞተሩ በራሱ እስኪቆም ድረስ እንዲሁ ዞሩ። ከዚያ እየገፉ መጡ። በማግስቱ ሥራቸውን ለቀቁ፤ ሞተሩንም ኩባንያው ሊወስደው አልፈለገም።

«እኔ በመስኮት አይ ነበር» አለች። «አባባ የሚጫወት መስሎኝ እስቅ ነበር።»

ጠብታ ሞተሩን መልሶ ሸራ አለበሰው፤ ነገሩ ግን በዚያ አላበቃም። አባቱ ከዚያን ቀን ጀምሮ እህል አልቀምስ አሉ። ኮታቸውን ቆልፈው በሩ አጠገብ ይቀመጣሉ፤ ገና አላለፈም ይላሉ። ቢለምኗቸው፣ ቢቆጧቸው፣ ሐኪም ቢያመጡላቸው ለውጥ የለም። በመጨረሻ እህቱ ራሷ ሸራውን ገፈፈችውና፣ ሂድና ሳታቆም እለፍ አለችው።

አደረገው። ሲያልፍ በዓይኑ ጠርዝ አያቸው፤ አንገታቸውን አስግገው ድምፁ እስኪርቅ ያዳምጣሉ። ተመልሶ ሲገባ እህቱ ገንፎ እያጎረሰቻቸው ነበር።

«አለፈ» አሉት፣ ለማያውቁት ሰው ምሥራች እንደሚናገሩ።

በየቀኑ ሆነ። ምሳ ከመድረሱ በፊት ሞተሩን ያስነሳል፣ በቤታቸው ፊት ያልፋል፣ አባቱ ይበላሉ። ባለሱቋ አንድ ቀን አስቁማው፣ እንደ ልጇ እንደምትወደው፣ በእሱም እንደማትፈርድ ነገረችው። «የእኔ በር ላይ ግን ቆሟል፣ ልጄ» አለችው። ከዚያ ወዲህ ከሱቋ ማዶ እስኪደርስ ሞተሩን አጥፍቶ ይገፋዋል። አንዳንዴ ዝናብ ይይዘዋል፣ አንዳንዴ ወገቡን ያመዋል። ልጅ ሆኖ የተመኘው መንዳት ይህ ሆነ፤ በገዛ ቤቱ በር ሳያቆሙ ማለፍ።

አባቱ ብርዱ ሲጠነክር እንቅልፍ ላይ እንዳሉ ሞቱ። ከተቀበሩ በኋላ ጠብታ ሞተሩን ለሞልቷል እሰጠዋለሁ ብሎ ነበር። እህቱ ግን አስቀድማ ወደ ማዕድኑ እንዲወስዳት ጠየቀችው። የትልቁን ቦታ አይታው አታውቅም።

በሞተሩ ዳገቱን ይዘው ወጡ። የማዕድኑ በር በሰንሰለት ታስሯል፤ ሰንሰለቱን ሣር ውጦታል። ከውስጥ የሚታየው አፈር፣ ቁጥቋጦና የዛገ ጋሪ ብቻ ነው። እህቱ ሻካራ እጇን ሽቦው ላይ አድርጋ ብዙ ቆመች። ጭጋጉ ሲወርድ ኮቷን ሰበሰበች።

«ይህን ድምፅ እጠላው ነበር» አለችው።

«አሁንስ፣ እታለም?»

«አሁንም» አለችና ከኋላው ወጣች። «ቀስ ብለህ ንዳ።»