ጉና ላይ ሲጠሩኝ

ደብረ ታቦር፣ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ የለበሱት ባና ዝናብ መትቶት ይሸታል። የራሰ የበግ ፀጉር ሽታ የጉናን ተራራ ያስታውሰኛል።

አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ለገመድ የሚሆን የጓሳ ሣር ላጭድ፣ በሐምሌ፣ ለማንም ሳልናገር ከመንደራችን ከገሳይ ወደ ተራራው ወጣሁ። የለበስሁት ነጠላ ብቻ ነበር። ቀትር ላይ ጉም ወረደ፤ በረዶም ተከተለ። መንገዱ ጠፋኝና አንድ ረጅም የጅብራ ተክል ሥር ተቀመጥሁ።

አጎቴ ስሜን እየጠሩ ሲመጡ ሰማሁ። ይቆጡኛል ብዬ ዝም አልሁ፤ አልፈውኝ ሄዱ። ድምፃቸው እየራቀ ሲሄድ እግሬ ደነዘዘ፤ እንቅልፍም ይጎትተኝ ጀመር። ያን ጊዜ ፈራሁና "አቤት!" ብዬ ጮህሁ።

ተመልሰው መጡና በባናቸው ጠቀለሉኝ።

"አንቺ ድንጋይ! ስጠራሽ አልሰማሽም?"

"ሰምቻለሁ።"

"ታዲያ አፍሽን ምን ዘጋው?"

"ይቆጡኛል ብዬ ነው።"

"በቁጣ የሞተ ልጅ አይተሽ ታውቂያለሽ? በዚህ ብርድ የሞተ ግን እኔ በእጄ ቀብሬያለሁ።"

ከዚያ አዝለውኝ ወደ ቤት ወረዱ። የቀበሩት ማንን እንደሆነ ለመጠየቅ አፈርሁ። ዛሬም በዓል በመጣ ቁጥር ቤታቸው እሄዳለሁ። አጠገባቸው እቀመጣለሁ እንጂ እስካሁን አልጠየቅኋቸውም።