የፓንዳዋን ልጆች የምትቀያይረው ሹሮንግ

ሹሮንግ ማጆንግ የሚባለውን የቻይና የጠጠር ጨዋታ ስትጫወት ታጭበረብራለች። ይህን የምለው ስሟን ለማጥፋት አይደለም፤ ሰፈሩ በሙሉ የሚያውቀው ነው። ሻይህን ፉት ብለህ ስኒውን እስክታስቀምጥ ድረስ ያንተን ጠጠር አንስታ የራሷን ተክታለች። እኔንም ሁለት ጊዜ ሸውዳኛለች። በአምሳ ስድስት ዓመቷ የገዛ ባሏ እንኳ አብሯት አልጫወትም ሲል፣ "ምቀኞች!" ብላ ሰድባን መካነ እንስሳቱ ውስጥ እኛ ፓንዳ ቤት ተቀጠረች። እኔ ቀርከሃ አጥባለሁ፣ እሷ ለፓንዳዎቹ የበቆሎ ዳቦ ትጋግራለች።

ፓንዳችን ዩንዱ መንታ ባትወልድ ኖሮ እዚያው ዳቦዋ ላይ ትቀር ነበር። ፓንዳ መንታ ስትወልድ አንዱን አቅፋ ሌላውን ትተወዋለች። የተተወው በማሞቂያ ሳጥን ይቀመጥና በየጥቂት ሰዓቱ ከታቀፈው ጋር በስርቆት ይቀያየራል፤ እናትየው አንድ ልጅ ያላት እየመሰላት ሁለቱን ታጠባለች። ወጣቱ ተመራማሪያችን ዶክተር ያን ቅያሬውን በመጀመሪያው ቀን ሞክሮ ዩንዱ ቧጭራው ክንዱ አምስት ቦታ ተሰፋ።

"ፈዛዛ!" አለችው ሹሮንግ፣ እጇ ሊጥ እንደነካ። "እጅህን እያየህ ነው እኮ የምትሰርቀው! አንተ ካየኸው እሷ ለምን አታየውም?"

"እትዬ ሹሮንግ፣ ይሄ እኮ ሳይንስ ነው።"

"ሳይንስህን ይዘህ እዚያ ቁም።" ወደ እኔ ዞረች። "አንተ ደግሞ ምን ትገተራለህ? ብርዝ በጥብጥልኝ!"

በጠበጥኩ። ሳህኑን በፍርግርጉ ሥር አስገብታ የጎረቤቷን ባል ለዩንዱ ታማላት ጀመር። ዩንዱ ምላሷን ብርዙ ውስጥ ስትነክር ደረቷ ላይ የነበረው ግልገል ሄዶ ሌላው ተተክቷል። አየሁ ብል ውሸታም ነኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዳቦ መጋገሩ እኔ ላይ ተጫነ፤ እሷ ነጭ ጋውን ለብሳ ሰላም ስንላት በአንገቷ ብቻ ትመልስ ጀመር።

በሦስተኛው ሳምንት ዝናቡ ናዳ አወረደና ከቼንግዱ ከተማ የሚመጣው መንገድ ተዘጋ። ማር አለቀ። የስኳር ውሃ አቀረብን፤ ዩንዱ አሽትታ ጀርባዋን ሰጠችን፤ መቀያየሩም ቆመ። ሳጥን ውስጥ የነበረው ትንሹ ደግሞ የሰጠነውን የዱቄት ወተት ያስመልሰዋል። በሁለተኛው ቀን ድምፁ ጠፋ፤ ሆዱ ብቻ ከፍ ዝቅ ይላል።

"ነገ መንገዱ ይከፈታል" አለ ዶክተር ያን።

"ነገ ይሄ ልጅ የለም።"

"ያለ ብርዝ እጅሽን ብታስገቢ ትቆርጠዋለች!"

"ብርዝ እንደሌለ ማን ይነግራታል? አንተ ነህ?"

ባዶውን ሳህን አንስታ፣ ትንሹን በሌላ እጇ ሸፍና ገባች። ዶክተሩ ማየት አልችልም ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔ በበሩ ቀዳዳ አያለሁ። ሹሮንግ ከፍርግርጉ ሥር ተንበረከከችና ሳህኑን ሞልቶ የሚፈስ ይመስል በጥንቃቄ አስጠጋችው። ሐሜቷንም ጀመረች።

ዩንዱ ጎንበስ ብላ ሳህኑን አየች። ቀና ብላ ሹሮንግን አየቻት። ቀጥላ የሹሮንግን እጅ አየችው፤ ያን ሲሰርቅ እኔ አንድም ቀን አይቼው የማላውቀውን እጅ። ከነግልገሉ አየሩ ላይ ቀርቷል። አለቀላት አልኩ።

ዩንዱ አንገቷን ደፍታ ባዶውን ሳህን ትልስ ጀመር። በድምፅ፣ እያጣጣመች። ክንዷንም ከደረቷ ላይ አነሳች።

ሹሮንግ አልቸኮለችም። የታቀፈውን ወፍራሙን ወሰደች፣ ትንሹን አስቀመጠች፣ ጡቱን እስኪያገኝ ድረስም አቀናችለት። ስትወጣ እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል። የእኔም እንደዚያው፤ አልደብቅም።

"ያዘ?" አለ ዶክተሩ።

"እየጠባ ነው።"

ማስታወሻውን ከኪሱ አወጣ። "እናትየዋ መቀየሩን አውቃለች?"

ሹሮንግ ገላመጠችኝ።

"ይቺ ጅል ምን ታውቃለች!" አለች አፍንጫዋን እየጠረገች። "አላወቀችም ብለህ ጻፍ።"