ካሜራው እምቢ ያላት ሴት

ከመቀመጧ በፊት የካሜራውን ዓይን በነጠላዋ ጫፍ ትወለውላለች። ከገደብ ከተማ በጠዋቱ አውቶቡስ እየመጣች፣ ዲላ ኢንተርኔት ቤት ውስጥ ሁልጊዜ እኔ አጠገብ ነው የምትቀመጠው። የሰፋት ቀሚሷ ወገቡ ላይ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል።

ደቡብ አፍሪካ ያለው ልጇ ይጠብቃታል። ምስል የሚያስተላልፈው ፕለጊን የሚሉት ተጨማሪ ፕሮግራም ግን የትኛውም ድረ ገጽ ላይ አይሠራላትም።

«ደህና ነኝ ብትዪም ካላየሁሽ አላምንም ይለኛል» አለችው የቤቱን ባለቤት ሙሐሲንን፣ ጣቶቿን እያፍተለተለች። «ድምፅ ብቻ አይበቃም እንዴ?»

ሙሐሲን ፕለጊኑን አጥፍቶ እንደገና ጫነው። በራሱ ፊት ሞከረው፤ ሠራ።

«ይኸው እናቴ፣ ምንም አልሆነም። ካሜራው እንዲያይዎት ይፈቅዳሉ ወይ ብሎ ሲጠይቅዎት፣ ‹ፍቀድ› የሚለውን ይጫኑ» ብሏት ወደ ሌላ ደንበኛ ሄደ።

ጥያቄው ብቅ አለ። ነጠላዋን እስከ አገጯ ሳበች። የጎደጎደ ጉንጯን በመዳፏ ዳሰሰች። ማውሱን «ከልክል» ወደሚለው ወሰደችና ተጫነች። እኔ አየኋት፤ እሷ አላየችኝም።

«ሙሐሲን» አለች ቀና ብላ፣ «ይኸው ዛሬም እምቢ አለኝ።»