በሃምሳው የተደረደረ በገና

ሥርጉት የማዳሟን አንሶላ እያሰጣች ሳለ ነው ስልኳ ድምፅ ያሰማው። ቤይሩት፣ ፋናር ሰፈር ያለው የማዳሟ ቤት በረንዳ ባሕሩን ቁልቁል ያሳያል፤ ነፋሱ አንሶላውን ከእጇ ሊነጥቃት ይታገላል። መልእክቱ የወንድሟ የያዕቆብ ነው። አባታቸው ጆሮው ከከበደ ወዲህ በስልክ ማውራቱን ትቶታልና ያዕቆብ በየሳምንቱ ድምፁን እየቀዳ ይልክላታል። እርጥብ እጇን በሽርጧ ጠረገችና ከፈተችው።

በገና ነው። የአባቷ ጣቶች ለመሆናቸው መሐላ አያስፈልጋትም። መጀመሪያ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ከዚያ ከታችኛው ጅማት ይነሣል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ የጸሎቱን ቃል ያወጣዋል። ሥርጉት ፈገግ አለች። ፈገግታዋ ግን ብዙም አልቆየም።

ፋሲካ ካለፈ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። በዚህ ሰሞን የአባቷ በገና ጅማት የለውም።

ይህን ነገር ያዕቆብ አያውቀውም፤ ከየት ያውቀዋል! ልጅ ሳለ የጅማቱን ሽታ እየሸሸ ሜዳ ለሜዳ ኳስ ሲያሳድድ ነው የኖረ። ሥርጉት ግን ታውቃለች። አባቷ ዘማርያም ደብረ ብርሃን ላይ ዕድሜውን በሙሉ ልብስ ሲሰፋ የኖረ ሰው ነው። ሱቁን የሚከፍተው ኪዳን አድርሶ ከተመለሰ በኋላ ነው፤ ደንበኛ ደጅ ቆሞ ቢያጉረመርም ግድ የለውም። ቤቱ ግድግዳ ላይ ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ይሰቀላሉ። በጾም ጊዜ በገናው ይወርዳል፣ ክራሩ በነጠላ ተጠቅልሎ ይሰነብታል። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው ሃምሳ ቀን ደግሞ ክራሩ ይወርዳል፣ በገናው ያርፋል። የንስሐ አባቱ አንድ ጊዜ ተቆጥተው፣ «ዘማርያም፣ በገና የዳዊት ነው፣ ክራር የሰይጣን፤ አንዱን ምረጥ» ቢሉት፣ «አባቴ፣ ሰይጣን ዘፈን ቢችል ኖሮ እንዲህ ክፉ ይሆን ነበር?» አላቸው። ሳቁና ተዉት። ምን ያድርጉት ታዲያ!

በፋሲካ ማግስት ሰው ሁሉ ስለ ሥጋው ሲያስብ እሱ ሳፋ ይዞ ከቤት ቤት እየዞረ የበግ አንጀት ይለምናል። እናቷ በኀፍረት መግቢያ ይጠፋታል። «ሥጋ ቢያጡ አንጀት ለመኑ እንባል?» ትለዋለች። እሱ ምን ሰምቶ! አንጀቱን አጥቦ፣ ፍቆ፣ ገምዶ፣ ከበር እስከ ጓሮ ወጥሮ ያደርቀዋል። ለቀጣዩ ዓመት ጾም የሚሆን አዲስ ጅማት ነው። የዓመቱን አሮጌ ጅማቶች ከበገናው ላይ ፈትቶ፣ ጸሎት ያገለገለ ነገር ሜዳ ላይ አይጣልም ብሎ ከጽጌረዳው ሥር ይቀብራቸዋል። በገናው ሃምሳውን ቀን ሙሉ ራቁቱን ተሰቅሎ ይከርማል።

አንጀቱ ሲገመድ ጫፉን የምትይዝለት ሥርጉት ነበረች። ያዳልጣል፣ ይሸታል፣ ክንድ ያዝላል። «አትልቀቂ፣ የኔ እናት፤ ከለቀቅሽው ይበላሻል» ይላታል። እንዳትሰለችም እየገመደ ይዘፍንላታል፤ እንደዚያ ያለ ዘፈን ከየት እንደሚያመጣው እግዜር ይወቅ። እናቷ ኋላ እጇ ሲዝልባት ሹሩባዋን የሚሠራላትም እሱ ሆነ። ጎረቤት አይቶ ሲስቅ፣ «መርፌ የያዘ እጅ ጸጉር ያቅተዋል?» ብሎ ሥራውን ይቀጥላል።

ሥርጉት ወደ ቤይሩት የመጣችው በጾም ነው። ልትሄድ ሻንጣዋን ዘግታ፣ «አባዬ፣ ያቺን የጅማት ዘፈናችንን በክራር ምታልኝና ልሂድ» ብትለው አንገቱን ነቀነቀ። «በጾም ክራር አላወርድም። በሃምሳው ስትመጪ እመታልሻለሁ፤ አንቺ ታጨበጭቢያለሽ።» ስንት ሃምሳ አለፈ! አንዴ ውሉ፣ አንዴ ወረቀቱ፣ አንዴ የአገሩ መከራ እየያዛት ቀረች። በስልክ እንኳ ብትለምነው፣ «ክራር ያለ ጭብጨባ ምኑ ክራር ነው፣ መጥተሽ ነው» እያለ እምቢ አላት። አንድም የክራር ቅጂ የላትም። ለካ ያዕቆብም የለውም።

እዚያው በረንዳው ላይ ቆማ ወንድሟ ጋ ደወለች። «ያዕቆብ፣ አሁን ሃምሳ አይደል? አባዬ ክራሩን ይምታልኝ በለው። ለጭብጨባው እኔ በስልክ አለሁ።»

ያዕቆብን ሲያስለው ሰማችው። «ትንሽ አሞት ተኝቷል፤ ሌላ ጊዜ» አለና መስመሩን ዘጋ።

ሥርጉት የቀሩትን አንሶላዎች አሰጣች። ማዳሟ ዳሌዋን ከተሠራች ወዲህ በከዘራ ነው የምትሄደው፤ በሩ ላይ ቆማ፣ «ሹ ቢኪ፣ ሥርጉት? ምን ሆንሽ?» አለቻት።

«ማፊ ሺ፣ ምንም፣ ማዳም። እሑድ ልውጣ?»

ማዳሟ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ፊቷን አይታ እሺ አለች። ሥርጉት እዚያ ቤት ማልቀስ ተከልክላ አይደለም። አባቷን ከሚያውቅላት፣ ወይ ቢያንስ ስሙን አስተካክሎ ከሚጠራላት ሰው ጋር ማልቀስ ስለፈለገች ነው። ሦስት ቀን ወለል ወለወለች፣ ባሚያ ሠራች፣ የማዳሟን መድኃኒት በሰዓቱ ሰጠች። የአባቷ ናፍቆት ግን በላት፤ የሞተ ሰው እንዲህ ይናፍቃል ብሎ የነገራት አልነበረም።

እሑድ ዕለት፣ የአገሯ ልጆች በእረፍታቸው በሚሰባሰቡባት የቡርጅ ሐሙድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ሴቶቹ ሲመክሩ ነበር ያረፈዱት። ያዕቆብ የአባታቸውን ሞት ለእትዬ አበበች ነግሯታል፤ ከሁሉም በፊት ቤይሩት የመጣች የክፍሉ ታላቅ እሷ ናት። ሰው ብቻውን ሆኖ መርዶ አይሰማምና የሥርጉትን የእረፍት እሑድ ሲጠብቁ ይኸው ስንት ሳምንት። ማዳሟ ስትታከም እሑዶቹ ተሰረዙ፣ ምስጢሩ ጾሙን አልፎ ሃምሳው ውስጥ ገባ፤ ያዕቆብም እስኪነገራት ድረስ የቆየ ቅጂ እየላከ ያቆያት ነበር። አሁን አበበች ምግብ አቅርባ፣ ትብላ፣ ከዚያ እንነግራታለን ብላ ሁሉንም አስቀምጣለች። ናፊሳ የወሎዋ ገና ሳትጠየቅ ዓይኗ ቀልቷል።

በሩ ተከፈተ። ሥርጉት ጥቁር ለብሳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቆማለች።

«እትዬ አበበች፣ አይቸገሩ። ተረድቻለሁ።»

አበበች ሳህኑን መሬት አስቀመጠች። «ማን ነገረሽ፣ ልጄ?»

«በገናው።»

ከዚያ ተለቀሰ። ምኑ ይነገራል፣ ጎረቤት አርመኗ እንኳ ውሃ ይዛ መጣች። ሥርጉት ኪዳኑን፣ ሳፋውን፣ የእናቷን ሹሩባ እያነሣች አባቷን አወራችላቸው። በጾሙ አጋማሽ ከቅዳሴ ተመልሶ፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ መሞቱን አበበች ነገረቻት። ሲደክማቸው ናፊሳ፣ «ድምፁ ስልክሽ ላይ አለ አይደል? ክፈቺው፣ በሱ እናልቅስ» አለች።

«በሃምሳው በገና አይሆንም» አለች ሥርጉት። «አይወድም።»

ከዚያ በሻከረ ድምፅ ያቺን የጅማት ዘፈን ጀመረች።

«ኧረ ልጄ፣ በመርዶ ቀን ይዘፈናል?» አለች አበበች። ሥርጉት አላቆመችም። ናፊሳ ቀስ ብላ ማጨብጨብ ጀመረች፣ ከዚያ ሌሎቹ ተከተሉ፣ መጨረሻ ላይ እንባዋ ያልቆመው አበበችም እጇን አነሣች።

የማታጨበጭበው ሥርጉት ብቻ ነበረች። ሁለት እጇን ወደ ፊት ዘርግታ፣ ቡጢዋን ጨብጣ ነው የምትዘፍነው።

«እጅሽን ፍቺና አጨብጭቢለት እንጂ» አለቻት ናፊሳ።

«ከለቀቅሁት ይበላሻል» አለች።