የፈረሰው ማማ

ባለፈው ዓርብ... ከቆቦ ወጣ ብሎ፣ በሮቢት መስመር፣ ማሽላ እርሻ ውስጥ ወረፋ ይዤ ቆሜ ነበር። የማን እርሻ እንደሆነ በትክክል አልነግራችሁም። ወረፋው የስልክ ነው።

ከተማ ውስጥ ኔትወርክ ከጠፋ ሰንብቷል። ለምን እንደጠፋ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። የስልክ ድርጅቱ ቢሮ ሄጄ ስጠይቅ፣ አቤቱታ የሚቀበሉት በስልክ ብቻ መሆኑን ነግረው መለሱኝ።

የእርሻው ባለቤት አያ ሰይድ ነው እንበል። ማሽላውን ከወፍ የሚጠብቅበት ማማ አለው። አራት ምሰሶ፣ ከላዩ ርብራብ። እዚያ ላይ ሲወጣ ኔትወርክ ይገኛል፤ ያውም በአንደኛው ምሰሶ በኩል ብቻ። አያ ሰይድ እዚያ ምሰሶ ላይ የቲማቲም ጣሳ አስሮ ስልኩን ውስጡ ያስቀምጣል። ስልኩ ከዚያ ዝቅ ካለ መስመሩ ይቋረጣል። የሚደውል ሰው ገንዘብ አይከፍልም። ተራውን እስኪያገኝ ድረስ ጅራፍ እያጮኸ ወፍ ያባርራል፤ ሂሳቡ ይኼው ነው።

እኔ የሄድኩት ደሴ ላለ ነጋዴ ደውዬ የውኃ ፓምፕ ቺንጋ ላዝዝ ነው። አያ ሰይድ የሚጠብቀው ግን ሌላ ነው። ልጁ ዘይነባ ሳዑዲ ሰው ቤት ትሠራለች። ዓርብ ዓርብ፣ ከጁምዓ በኋላ፣ በሰው ስልክ ትደውልለት ነበር። መጨረሻ የደወለች ዕለት «ከዚህ ቤት ልወጣ ነው» አለችው። ከዚያ ወዲህ ድምፅዋ የለም።

ወደ ስምንት ሰዓት ግድም ሁለት ፖሊሶች ባጃጃቸውን አስፋልት ዳር አቁመው ማሽላውን እየጣሱ መጡ። አንደኛው ሳጅን ነው።

«ይኼን ያቆመው ማነው?» አለ።

«እኔ ነኝ ልጄ። ለወፍ ነው።»

«ይኼ ሁሉ ሰው ወፍ ነው?»

ሰው ሳቀ። ሳጅኑ አልሳቀም። ያለ ፈቃድ የቆመ መሆኑን፣ ከላዩ ሆኖ መንገዱን ማየት እንደሚቻል፣ ሰው መሰብሰብም እንደተከለከለ ዘርዝሮ፣ አሁኑኑ እንዲፈርስ አዘዘ። አንዱ ከኋላ፣ ወፎቹስ ፈቃድ አላቸው ወይ ብሎ ጠየቀ።

አያ ሰይድ አልተከራከረም። የልጁን ነገር አስረዳውና «እስከ አሥር ሰዓት ብቻ ታገሰኝ፤ ከዚያ በገዛ እጄ እነቅለዋለሁ» አለው።

ሳጅኑ አለቃውን ሳያስፈቅድ መታገስ አይችልም። ለማስፈቀድ ደግሞ መደወል አለበት። ስልኩን አወጣ... አየው... ቀና ብሎ ማማውን አየ።

«ወረፋ ነው እኮ ሳጅን» አለው ያው ስለ ወፎቹ የጠየቀው ሰውዬ።

አያ ሰይድ ግን አሳለፈው። ሳጅኑ መሰላሉን ወጣ። የአለቃው መስመር ተይዟል። ደጋግሞ እየሞከረ እያለ ጣሳው ውስጥ ያለው ስልክ ጠራ።

አንስቶ ወደ ታች ሊያቀብል ጎንበስ ሲል አያ ሰይድ ከሥር ጮኸ።

«አታውርደው! እዛው አንሳውና አባትሽ እየወጣ ነው በላት።»

ሳጅኑ አነሳው። የሴት ድምፅ ይሰማናል፤ የምትለው ግን አይለይም። ማን እንደሆነ ጠይቃው መሆን አለበት።

«ፖሊስ ነኝ» አላት።

ከዚያ «አባትሽ...» ብሎ ጀመረና ስልኩን ከጆሮው አርቆ አየው። ዘግታዋለች።

አያ ሰይድ መሰላሉ መሃል ላይ ቆሞ ቀረ። ሳጅኑ በመጣው ቁጥር መልሶ ሲሞክር፣ ሂሳቡ በቂ እንዳልሆነ የምትናገረዋ ሴት በትሕትና ነገረችው። ወዲያው መልእክት ገባ፤ ውድ ደንበኛችን፣ ፈጣን ኢንተርኔታችንን ይጠቀሙ ይላል።

አያ ሰይድ ወርዶ አጠገቤ ተቀመጠ። ይሳደባል ብዬ ጠብቄ ነበር።

«ፖሊስ ከፈራች፣ ከቤቱ ወጥታለች ማለት ነው» አለኝ። መልሶ ደግሞ «ከወጣችስ የት እያደረች ነው?»

ደስ ይበለው ይዘን አላወቀም። እኔም «አብሽር» አልኩት።

ሳጅኑ ገና ከማማው አልወረደም፤ ይኼኔ የእሱ ስልክ ጠራ። አለቃው ነው።

«አቤት ኮማንደር... አዎ፣ ደርሰናል...»

ወፉ ማሽላው ላይ ሲያርፍ አየሁ። ወፍ የማባረሩ ተራ የእኔ ስለነበር ጅራፉን አጮህኩት። ሜዳው አስተጋባ።

ሳጅኑ ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ አያ ሰይድን አየ። ለረጅም ጊዜ አየው።

«ኧረ ተኩስ አይደለም ኮማንደር። ምሰሶው ሲሰበር ነው... አዎ፣ እያፈረስነው ነው።»

በዓይኑ ድገመው አለኝ። ደገምኩት።

«አሁን ወደቀ» አለ።

ወረደ። ይቅርታ አላለም። ጓደኛው ታዲያ ምን እናድርግ ቢለው፣ የፈረሰ ነገር ሁለቴ አይፈርስም ብሎት ወደ ባጃጁ ሄደ።

ሳምንቱን ሙሉ ሳስበው ከረምኩ። ሳጅኑ ያን ያደረገው አዝኖ ነው? አፍሮ ነው? ወይስ ማሽላ ውስጥ እንጨት መንቀል ሰልችቶት? ደግሞስ ወረቀት ላይ ከተማ ውስጥ ኔትወርክ አለ የሚሉት እነማን ናቸው፣ የቆመውን ማማ የለም የሚሉትስ?

ዛሬም ዓርብ ነው። ስደርስ ሳጅኑ ቀድሞኛል። የደንብ ልብስ አልለበሰም፤ ጅራፍ ይዞ ወፍ ያባርራል። አያ ሰይድ ስልኩ ቢጠራ እንዳታነሳው ብሎ አስጠንቅቆታል። «እሺ አባቴ» ነው ያለው።

ይህን የምለጥፍላችሁ ከፈረሰው ማማ ላይ ሆኜ ነው... በሉ ልውረድ፣ ልጅቷ ብትደውል አያ ሰይድ መውጫ እንዳያጣ።